የሳምንቱ ቃል፦ ቶል

 

በዚህ ዓምድ በየሳምንቱ አንድ ቃል እንማራለን። የዛሬው ቃል የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «ቶል» ይባላል። ትርጉሙ «ረጅም» ነው። ይሁን እንጂ የእኛ «ረጅም» ብዙ ቦታ ይገባል። የእንግሊዝኛው «ቶል» ግን ቦታ ይመርጣል። የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ዛሬ አብረን እናያለን።

«አማርኛውንና ኦሮምኛውን ማንበብ የጀመርነው ገና ትናንት ነው። አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን አንዲት እናት ይስጡን።

የፎርሙ ነገር

በነቀምቴ ከተማ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ቀበሌ አለ። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት የጎልማሶች ትምህርት ይከታተሉ ነበር። ስማቸውን አንጠቅስም። የማስተምራቸው እኔ ነበርኩ። ፊደል ቆጥረው ጨርሰዋል። ቁጥርም አጥርተው ያነባሉ።

አንድ ቀን ማታ ከትምህርት በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ እርሳቸው ቀሩ። ከመቀነታቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ልጄ፣ ይቺን ወረቀት እያት እስቲ። ሴቷ ልጄ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው። ወረቀቱን ደላላው ነው የሞላላት። ነገ ፈርሚ ብሏታል» አሉኝ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እናቲቱ ቃላቱን አያውቋቸውም። ቁጥሩን ግን ያነባሉ። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ 175 ይላል። የምን ቁጥር ነው?»

«ቁመት ነው እናቴ። 175 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። አንድ ሜትር ከሰባ አምስት።»

«የማን ቁመት?»

«የልጅዎ ነዋ።»

እናቲቱ ሳቁ። «ምነው ልጄ! እሷ እኮ ጆሮዬ ጋ ናት። እኔ ራሴስ ያን ያህል እሆናለሁ እንዴ?» አሉ።

ልጅቱ ደጅ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ጠራናት። ግድግዳ አስደግፈን ለካናት። 152 ሳንቲ ሜትር ሆነች። 175 የሌላ ሰው ቁመት ነው። ደላላው የሌላ ሴት ወረቀት ገልብጦ ኖሯል።

እናቲቱ ሳቃቸውን አቆሙ። «እንግዲያስ ሌላውንም መስመር አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። በዕድሜ መስመር ላይ 24 ዓመት ይላል። ልጅቱ 17 ዓመቷ ነው።

የዚህን ታሪክ መጨረሻ ወደ ኋላ እናነበዋለን። አሁን ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። እናቲቱን ያነቃቸው አንድ ቁጥር ነው። ቃሉንም ቢያውቁት ኖሮ እኔን መጠየቅ ባላስፈለጋቸውም ነበር። እንግዲህ ቃሉን እንማር።

የቃሉ መልክ

«ቶል» በእንግሊዝኛ በአራት ፊደል ይጻፋል። ፊደሎቹ ቲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኤል ናቸው። በትንንሹ ፊደል ሲጻፍ መልኩ እንዲህ ነው።

ቲ የእኛን «ተ» ይመስላል። ቀጥ ብሎ የቆመ ግንድ ነው። አግዳሚም አለው። ኤ ትንሽ ክብ ነው። በቀኝ በኩል አጭር ዘንግ ተጠግቶታል። ኤል ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ነው። ኤል ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ሁለቱ ዘንጎች እንደ በር መቃን ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ኤ አለበት ብላችሁ «ታል» ብላችሁ አታንብቡ። «ቶ» የሚለውን ሳብ አድርጋችሁ «ቶል» በሉ። ኤል ሁለት ጊዜ ቢጻፍም በአፍ የሚጠራው አንድ ጊዜ ነው።

ይህን ጨራሽ ያወቀ ሰው ሌሎች ቃላትም ያነባል። ኳስ በእንግሊዝኛ «ቦል» ነው። ግድግዳ «ዎል» ነው። ትንሽ ማለት «ስሞል» ነው። ሁሉም የሚጨርሱት በኤ፣ ኤል፣ ኤል ነው። መጀመሪያቸው ብቻ ይለያያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «ቶል» የአማርኛው «ቶሎ» አይደለም። የኦሮምኛው «ቶሌ»ም አይደለም። «ቶሎ» ፈጥነህ ማለት ነው። «ቶሌ» እሺ ማለት ነው። «ቶል» ግን ረጅም ማለት ነው።

ቁመት፣ ርዝመት፣ ከፍታ

በአማርኛ ረጅም ሰው እንላለን። ረጅም ገመድ፣ ረጅም መንገድ፣ ረጅም ዕድሜም እንላለን። በኦሮምኛም እንዲሁ ነው። ሰው ሲረዝም «ነመ ዼራ» ይባላል። መንገድ ሲረዝም «ከራ ዼራ» ይባላል። ሁለቱም ላይ ያለው «ዼራ» አንድ ነው።

እንግሊዝኛ ግን ሰውየውንና መንገዱን ይለያቸዋል። ሰውየው «ቶል» ነው። መንገዱ «ሎንግ» ነው።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ስለ ራሴ ስናገር «አይ አም ሎንግ» አልኩ። ረጅም ነኝ ማለቴ ነበር። መምህሬ ፈገግ ብሎ «ገመድ ነህ ወይስ መንገድ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ተሳስቼ አላውቅም።

እናንተም እንዳትሳሳቱ መለያውን ከራሳችን ቋንቋ እንውሰድ። በአማርኛ ሦስት ቃላት አሉን። ቁመት፣ ርዝመት፣ ከፍታ ናቸው።

«ቁመት» የሚለው ቃል «ቆመ» ከሚለው የመጣ ነው። ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ የቆመ ነገር ቁመት አለው። ሰው ይቆማል። ዛፍ ይቆማል። ምሰሶ ይቆማል። ሕንፃ ይቆማል። ቁመት ላለው ነገር «ቶል» እንላለን።

የተዘረጋ ወይም የተጋደመ ነገር ርዝመት አለው። ገመድ፣ መንገድ፣ ወንዝ፣ ፀጉር እንዲህ ናቸው። ጊዜም ይረዝማል። ርዝመት ላለው «ሎንግ» እንላለን።

ከመሬት ወይም ከባሕር ወለል ሽቅብ ርቆ ያለ ነገር ከፍታ አለው። ተራራ፣ ደመና፣ መደርደሪያ እንዲህ ናቸው። ከፍታ ላለው «ሃይ» እንላለን።

ሌላም መፈተኛ አለ። በአማርኛ ቁመናው ላማረ ረጅም ሰው መለሎ፣ ሎጋ፣ ዘንካታ እንላለን። ለዛፍም ለሰውም ለግላጋ እንላለን። ለግላጋ መንገድ የሚል ሰው ግን የለም። መለሎ ገመድ የሚልም የለም። ስለዚህ «ለግላጋ» ብትሉት የሚያምርለት ነገር «ቶል» ነው። የማያምርለት ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ።

የቆመና የወደቀ

ከላይ የጠቀስነውን ቀበሌ ስም እንመልከት። በከኒሳ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው። በአማርኛ ብሳና እንለዋለን። እንግዲህ አንድ ብሳና ደጃችን ላይ ቆሟል እንበል። በእንግሊዝኛ «ቶል ትሪ» ነው። ትሪ ማለት ዛፍ ነው። ቅጠሉ ሰማይ ሊነካ ይደርሳል፤ ቁመት አለው።

አሁን ደግሞ አንድ ባሕር ዛፍ ቆረጥን እንበል። ቅርንጫፉን መለመልን። ግንዱን መሬት ላይ አጋደምነው። ያው ዛፍ ነው። አንድ ስንዝር አልጨመረም። አንድ ስንዝርም አልቀነሰም። ይሁን እንጂ ከእንግዲህ «ቶል» አይባልም። «ሎንግ» ይባላል። ለምን? ስለተጋደመ ነው። ቁመቱ ወደ ርዝመት ተለወጠ።

የአክሱም ሐውልቶችም ይህንኑ ያስተምሩናል። በአክሱም ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ትልልቅ ሐውልቶች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው 33 ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ ይገመታል። ይህ ሐውልት ግን ወድቆ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሁለተኛው 24 ሜትር ያህል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ሦስተኛው 21 ሜትር ያህል ሲሆን እርሱም ቆሟል።

እስቲ ራሳችሁ ፍረዱ። 24 ሜትር የሆነው «ቶል» ነው፤ ቆሟልና። 33 ሜትር የሆነው ዛሬ «ሎንግ» ነው፤ ተጋድሟልና። ትልቁ ሐውልት ወድቆ «ቶል» መባልን ለታናናሾቹ ተወላቸው። ሁለተኛውም ቢሆን በመርከብ በአውሮፕላን ተጭኖ ሲሄድና ሲመለስ «ሎንግ» ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሲቆም «ቶል» ሆነ።

ተራራና ሕንፃ

ተራራ ብዙውን ጊዜ «ቶል» አይባልም። «ሃይ» ይባላል። ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በቄለም ወለጋ ያለው ቱሉ ወለልም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ነቀምቴ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የዚህ ሁሉ መጠሪያ «ሃይ» ነው።

የገበያ ዋጋ ሲንርም «ሃይ» ይባላል። ዋጋ እግር የለው፣ አይቆም። ስለዚህ «ቶል» ሊባል አይችልም።

«ሃይ» ብሎ ሰላም የሚል ወጣት ሰምታችሁ ይሆናል። ድምፁ አንድ ነው። ጽሕፈቱና ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። አያምታታችሁ።

ሕንፃስ? ሕንፃ ሁለቱንም ይቀበላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጠባብና ሽቅብ የተመዘዘ ሕንፃ «ቶል» ይባላል። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ነው። 48 ፎቅ አለው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህ «ቶል» ነው። በዱባይ ቡርጅ ከሊፋ የሚባለው ሕንፃ ደግሞ 828 ሜትር ነው። ወደዚያ አገር ለሥራ የሄዱ ልጆቻችን ያውቁታል።

ሰፊ ሆኖ ከፍ ያለ ነገር ግን «ሃይ» ይስማማዋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓባይ ግድብ አስቡት። ከዳር እስከ ዳር ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በዚህ በኩል «ሎንግ» ነው። ከሥር እስከ ጫፍ ሲለካ ከ140 ሜትር በላይ ነው። በዚያ በኩል «ሃይ» ነው። አንድ ግድብ ሁለት ስም አገኘ ማለት ነው።

ቁመት ሲጠየቅ

አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ቁመታችሁን ሲጠይቅ «ሃው ቶል አር ዩ?» ይላል። «ምን ያህል ትረዝማለህ?» ወይም «ምን ያህል ትረዝሚያለሽ?» ማለት ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። «አይ አም 160 ሳንቲ ሜትር ቶል።» ቁጥሩን በየራሳችሁ ቁመት ለውጡት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አጭር ሰውም ሲመልስ «ቶል» ይላል። 145 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው «145 ሳንቲ ሜትር ቶል ነኝ» ቢል አልኮራም፤ አልዋሸምም። ከቁጥር በኋላ ሲመጣ «ቶል» ማለት «ቁመቴ ይህን ያህል ነው» ማለት ብቻ ነው። ያለ ቁጥር ሲመጣ ግን «ረጅም ነኝ» ማለት ይሆናል።

በፎርም ላይ የሚጻፈው ቃል ግን «ቶል» አይደለም። «ሃይት» የሚል ነው። ቁመት ማለት ነው። ከአጠገቡ ብዙ ጊዜ «ዌይት» የሚል አለ። እርሱ ክብደት ነው። ሁለቱ መጨረሻቸው ስለሚመሳሰል ሰው ይደናገራል። መጀመሪያቸውን እዩ። የቁመቱ ቃል የሚጀምረው በኤች ነው። ትልቁ ኤች አንድ እርከን ብቻ ያለው መሰላል ይመስላል። በመሰላል ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ቁመት ነው። የክብደቱ ቃል የሚጀምረው በደብልዩ ነው። ደብልዩ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሸለቆዎችን ይመስላል። ሸክም ቁልቁል ይጎትታል፤ ስለዚህ ክብደት ነው።

ቁመታችሁን በቤታችሁ ለኩ

1. ጫማ አውልቁ። ሻሽ፣ ቆብ ወይም ጥምጣም ካለ አውልቁ።

2. ቀጥ ያለ ግድግዳ ተደገፉ። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳውን ይንኩ። ፊት ለፊት ተመልከቱ።

3. ሌላ ሰው ደብተር ወይም ጠፍጣፋ እንጨት አናታችሁ ላይ ያጋድም። እንጨቱ ከግድግዳው ጋር እኩል ይሁን።

4. እንጨቱ ግድግዳውን የነካበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግ።

5. ከወለሉ እስከ ምልክቱ ያለውን በሜትር ለኩ። ቁጥሩን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

በክንድና በስንዝር መለካት የአባቶቻችን ልማድ ነው። ለቤት ሥራ ይበቃል። የእያንዳንዱ ሰው ክንድ ግን ይለያያል። ለወረቀት ሲሆን ሜትር ይሻላል። ጠዋትና ማታ ብትለኩ ትንሽ ልዩነት ብታገኙ አትደንግጡ። ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል የጀርባው አጥንት መገጣጠሚያዎች ስለሚታመቁ ማታ ማታ በጥቂቱ ያጥራል። ሌሊት ተኝቶ ያድርና ጠዋት ይመለስለታል።

አንዳንድ የውጭ አገር ወረቀት በሜትር አይጠይቅም። በጫማና በኢንች ይጠይቃል። አንድ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አንድ ኢንች 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ወረቀቱ 5 ጫማ ከ7 ኢንች ቢል 170 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ደምሩና አረጋግጡት።

የሕፃን ልጅስ?

ሕፃን መቆም አይችልም። እንግዲህ ሕፃን «ቶል» ነው ወይስ «ሎንግ»? መልሱ በጤና ጣቢያ አለ። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚለካው ተኝቶ ነው። ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ግን ቆሞ ይለካል። ስለዚህ እንግሊዝኛው የተኛውን ሕፃን «ሎንግ» ይለዋል። የቆመውን ልጅ «ቶል» ይለዋል። የባሕር ዛፉ ሕግ እዚህም ሠራ።

ይህ ልኬት ለወግ የሚደረግ አይደለም። አንድ ልጅ ለዕድሜው በጣም ሲያጥር መቀንጨር ይባላል። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 37 ያህሉ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። መቀንጨር የሚመጣው ከምግብ እጥረትና ከተደጋጋሚ በሽታ ነው። ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው ያለው ጊዜ ዋናው ነው። ጤና ባለሙያዋ ልጃችሁን ስትለካ ቁጥሩን ጠይቁ። ካርዱ ላይ ስትጽፈውም እዩ። ያለፈው ጊዜ ስንት ነበር? አሁንስ ስንት ሆነ? ማንበብ የቻለች እናት ይህን ከማንም አትለምንም።

ማወዳደር

አንዱ ከሌላው ሲበልጥ «ቶለር» እንላለን። ከሁሉ ሲበልጥ «ቶለስት» እንላለን። «ከ» ለሚለው «ዛን» እንላለን።

ምሳሌ ከሩጫ እናምጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ቁመቱ 165 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የኬንያው ፖል ቴርጋት 182 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ «ቴርጋት ኢዝ ቶለር ዛን ኃይሌ» እንላለን። ቴርጋት ከኃይሌ ይረዝማል ማለት ነው። ሁለቱ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር እስከ መጨረሻው እርምጃ ተናነቁ። ማን አሸነፈ? አጭሩ ኃይሌ አሸነፈ። የቀደመውም ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው።

ከዓለም ሕዝብ «ቶለስት» የተባለው ሱልጣን ኮሰን ነው። የቱርክ አገር ገበሬ ነው። ቁመቱ 251 ሳንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ያረዘመው በአንጎሉ ሥር ባለች ዕጢ ላይ የወጣ እባጭ ነው። ለመራመድ ምርኩዝ ይዟል። ርዝመት ሁሉ ጸጋ አይደለም።

ይህን ከገበሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ባኮን ታውቋታላችሁ። በዚያ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል በበቆሎ ዘር የታወቀ ነው። «ቢ ኤች» የሚባሉት ዘሮች ስማቸው ከባኮ የተወሰደ ነው። ከእነርሱ አንዱ ቢ ኤች 660 ነው። ምርቱ ጥሩ ነው፤ አገዳውም «ቶል» ነው፤ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። ዳሩ ግን ረጅም አገዳ ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ይጋደማል። ጤፍም እንዲሁ ነው። ዘለላው ሲከብድ ይተኛል። ትናንት «ቶል» የነበረው ሰብል ዛሬ ጠዋት መሬት ላይ ነው።

ስንዴም በሌላው ዓለም እንዲህ ያስቸግር ነበር። ኖርማን ቦርሎግ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ አገዳው አጭርና ብርቱ የሆነ ስንዴ አዳቅሎ አወጣ። ያ ስንዴ ብዙ ፍሬ ተሸክሞ አይተኛም። ብዙ ሕዝብ ከረኀብ ዳነበት። ቦርሎግም በ1963 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ለአጭር ስንዴ ነው የተሸለመው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ተቃራኒ

የ«ቶል» ተቃራኒ «ሾርት» ነው። አጭር ማለት ነው። የ«ሎንግ» ተቃራኒም «ሾርት» ነው። አጭር ሰውም አጭር ገመድም «ሾርት» ይባላሉ። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ እንደ እኛ ሆነ። የ«ሃይ» ተቃራኒ ግን «ሎው» ነው። ዝቅ ያለ ማለት ነው።

መልመጃ

ከሚከተሉት ፊት «ቶል»፣ «ሎንግ» ወይም «ሃይ» ብላችሁ ሙሉ። መጀመሪያ ሳታዩ ሥሩ። ከዚያ መልሱን እዩ።

1. ከነቀምቴ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ
2. ደጅ የቆመ ባሕር ዛፍ
3. ቱሉ ወለል ተራራ
4. የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ግንድ
5. የጎረቤታችሁ መለሎ ልጅ
6. የበሬ ጠፍር
7. ክረምት ላይ የናረ የጤፍ ዋጋ
8. አክሱም የቆመው ሐውልት

መልስ፦ 1 ሎንግ። 2 ቶል። 3 ሃይ። 4 ሎንግ። 5 ቶል። 6 ሎንግ። 7 ሃይ። 8 ቶል።

ስምንቱንም ካገኛችሁ እሰየው። ከስድስት በታች ካገኛችሁ «ቁመት፣ ርዝመት፣ ከፍታ» የሚለውን ክፍል መልሳችሁ አንብቡ። ለቤት ሥራ ደግሞ የቤተሰባችሁን ሁሉ ቁመት ለኩ። ማን ከማን «ቶለር» እንደሆነ፣ ማን «ቶለስት» እንደሆነ ጻፉ።

የታሪኩ መጨረሻ

አሁን ወደ እናቲቱ እንመለስ። በማግስቱ ደላላው መጣ። እናቲቱ ወረቀቱን ይዘው ደጅ ላይ ተቀበሉት። እኔም ነበርኩ።

«ይህ 175 የማን ቁመት ነው?» አሉት።

ደላላው ደነገጠ። «ቁጥር ነው እናቴ፣ ችግር የለውም። እዚያ ማንም አይለካትም» አለ።

«ቁመቷን ዋሸህ። ዕድሜዋንም ዋሸህ። ወረቀቱ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚናገረው። እዚያ አንድ ነገር ብትሆን የማንን ልጅ ብዬ ነው የምፈልገው?» አሉት።

ደላላው መልስ አልነበረውም። ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። ልጅቱ ለጊዜው አኮረፈች። አልቅሳለች። ጓደኞቿ ሊሄዱ ነውና አይፈረድባትም። እናቲቱ ግን አልተቆጧትም። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያደረግነውን ምልክት አሳዩአት።

«ልጄ፣ ያንቺ ቁመት ይቺ ናት። ዕድሜሽ ሲደርስ፣ ልሂድ ብትዪም በራስሽ ቁመትና በራስሽ ዕድሜ ትሄጃለሽ» አሏት።

በሚቀጥለው የትምህርት ቀን እናቲቱ ደብተራቸውን አሳዩኝ። ከላይ የእንግሊዝኛውን አራት ፊደል ጽፈዋል። ቲ ትንሽ ጎብጣለች። ሁለቱ ኤሎች ግን እንደ በር መቃን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከሥር ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ 152 ነው። ሁለተኛው 161 ነው።

«ይህኛውስ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የእኔ ነዋ! ዕድሜዬን ሁሉ ቁመቴን ሳላውቀው ኖሬ» አሉና ሳቁ።

ውድ አንባቢዎች፣ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ዛሬ አንድ ቃል ጨመርን። በሚመጣው ሳምንት «ሾርት» የሚለውን በሰፊው እናያለን። እስከዚያው የቤት ሥራችሁን አትርሱ። ደህና ሰንብቱ።